ሁለት ድርሻ ዓሣ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... እንዴ! ቴሬዝ! አንቺ ነሽ? ምነው በሰላም? ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንጂ ማክሰኞ ደውለሽ ታውቂያለሽ? ማን ሞተ?... ማንም?... ታዲያ ልቤን ቀጥ የምታደርጊው ለምንድን ነው፣ የገዛ እህትሽን!

— ምን አየሽ?... ጮክ በይ፣ እየተቆራረጠ ነው።... ዓሣ?

— ዓሣ... በሕልምሽ።

— እሺ፣ ተረጋጊና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።... እ... እዚሁ ደሴታችን ላይ፣ ላቦሪ፣ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ።... የነርስ ልብስሽን ለብሰሽ? ባሕር ውስጥ? ከለንደን ሆስፒታል ጡረታ ከወጣሽ ስንት ዘመንሽ፣ አሁንም በሕልምሽ ሥራ ትገቢያለሽ!... እሺ፣ አልስቅም፣ ቀጥዪ።... ዓሣዎቹ ራሳቸው እየዘለሉ ሽርጥሽ ውስጥ ገቡ።... በሕይወት ያሉ?... ወይ ጉድ! እማማ ብትኖር ይሄኔ "ዓሣ ታየ፣ ማናት ያረገዘችው?" እያለች ከቤት ቤት ትዞር ነበር።

— እኔ? እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ቴሬዝ፣ ስድሳን ካለፍኩ ቆየሁ እኮ! ያበጠው ጉልበቴ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም!... ኦዲል? የአጎታችን ልጅ ኦዲልማ ሁለተኛ አልወልድም ብላ ምላለች።... የጎረቤት ይሆናላ።... እሱስ እውነትሽን ነው፣ ለንደን ድረስ የሄደ ዓሣ ለጎረቤት አይሄድም።

— ማሪዝ?... ማሪዝ ደህና ናት።... ምን ትሆናለች? ልጅሽ ለዕረፍት መጣች፣ እያረፈች ነው።... ቆይ ቆይ፣ ካካዎው ሊገነፍል ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው፣ እንዳትዘጊ!

— ማሪዝ!... ነይ ወዲህ፣ ቀስ ብለሽ። እናትሽ ናት። ዓሣ አየሁ ትላለች!... አትሳቂ፣ እኔ እዚህ ላብ በላብ ሆኛለሁ!... አልነገርኳትም። ሐሙስ ሐኪሙ እስኪያይሽ ድረስ አልተነፍስም ብዬሻለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው።... አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ሳይወለዱ የቀሩትን ሁለቱን እኔም አልረሳሁም። እናትሽ ለሕፃኑ የጀመረችውን ቢጫ ሹራብ፣ እጅጌ ሳይወጣለት መሳቢያ ውስጥ ደብቃው ያገኘሽው ቀን እንዴት እያለቀስሽ እንደደወልሽልኝ... እሺ። እሺ አልኩሽ። ቁጭ በይ፣ እግርሽን ወንበሩ ላይ አውጪው። በወሬ አደናግራታለሁ።

— ሄሎ፣ አለሽ?... ደርሼበታለሁ፣ ትንሽ ምድጃው ላይ ፈሰሰ እንጂ።... ማነው ያንሾካሾከው? ድመቷን ነው የማናግራት!

— በጥቅምት ለምን መጣች ማለት ምን ማለት ነው?... "ማንም የሌለበት ወር"? እኛ አለን እኮ! እኛ ሰው አይደለንም?... ዝግ ነው፣ አዎ። የባሕር ዳሩ ምግብ ቤት ወንበሮቹን ደራርቦ በሰንሰለት አስሯቸዋል።... የሽርሽር ጀልባውም የለም፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ።... እሱ ነው እኮ ደጉ ነገር! አንቺ የምትመጪው ሁልጊዜ በገና ነው። በገና ይሄ ከተማ የእንግዳ ነው፣ እኛ ራሳችን በዳር በዳር ነው የምንሄደው። በጥቅምት ግን... እንዴት ብዬ ልንገርሽ... ከተማው ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል።

— አሳላፊዎቹ ልጆች የሰው ጠረጴዛ መወልወል ትተው በየእናቶቻቸው በረንዳ ተጋድመዋል። ሴቶቹ ፀጉር ይሠራራሉ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ጠዋት ገብተሽ ስትቆሚ የእግርሽን ጥፍር ታዪዋለሽ። ከሰዓት ደግሞ ዝናቡ ከኮረብታው ይነሣል። መጀመሪያ የቄሱን ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ትሰሚያለሽ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ ነው የኛን። ልብስሽን ከገመዱ እስክታስገቢ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ጨዋ ዝናብ ነው!... ሲያባራ ሁሉም ከዛፉ ያወረደውን የዳቦ ፍሬ ከሰል ላይ ይጥላል፣ መንገዱ በሙሉ ይሸታል። ማታ ማታ ደግሞ ለክሬዮል በዓል ከበሮ ይለማመዳሉ። አልሰለቸኝም፣ ቴሬዝ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የምወደው።

— የማዕበሉን ነገር ሬዲዮ ሰምተሽ ነው?... አዎ፣ ባለፈው ሳምንት አስደንግጦን ነበር። የመረቡ አለቃ ኢግናስ ጀልባዎቹን ሁሉ ወደ ላይ አስጎተተ፣ እኛም መስኮቱን በጣውላ መታነው። ኋላ ወደ ሰሜን ዞረ።... ተመስገን ነው።... ማሪዝ አልፈራችም። ባሏ ነው የፈራው። ስኮትላንድ ዝናብ እንጂ ማዕበል የለም መሰለኝ።

— ኧረ ባሏማ! ስለ ሮሪ ያልኩሽን ሁሉ መልሼ ውጬዋለሁ።... አዎ፣ ሰው የማይቀርብ ኩሩ ነገር ነው ብዬሽ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን የሠራውን አልነገርኩሽም? ሉቪና ሱቅ ዳቦ ግዛ ብዬ ልኬው፣ ያለ ሰላምታ ገባ!... ምንም! "እንደምን አደራችሁ" የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ "ዳቦ ስጪኝ"!... ሉቪናን ታውቂያት የለ? እንዳላየችው ሆነች። እዚያ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ ጣራ ጣራ አየ። እሱ ደግሞ አልሰሙኝም ብሎ ጮክ አለ!... ባዶ እጁን ተመለሰ። ጥፋቱን ነገርኩት።... አልተቀየመም እኮ! ተመልሶ ሄደ፣ በሩ ላይ ቆመና ለሉቪናም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ በሩ ሥር ለተኛው ውሻም አንድ በአንድ እንደምን አደራችሁ አለ።... በእማማ እምልልሻለሁ፣ ለውሻው! አሁን ዳቦ ሊያመጣ ከወጣ ቁርሳችን ምሳ ይሆናል፣ ማንንም ሰላም ሳይል አያልፍም። ወደድኩት፣ በቃ።

— ማሪዝን ላገናኝሽ?... ተኝታለች።... ረፋድ ቢሆንስ? ዕረፍት የመጣ ሰው ይተኛል።... አልታመመችም!... ትበላለች። ሾርባ ትበላለች፣ ሙዝ ትበላለች... ጨው ዓሣ? እሱን እንኳ ሽታው... አይ፣ ማለቴ፣ ሙቀት ነው። በሙቀት ማን ጨው ዓሣ ይበላል?... አንቺ ትበያለሽ፣ አዎ፣ አንቺ ድሮም ትበያለሽ።... ኧረ ምንም አልቀባጠርኩም! ስለ ጨው ዓሣ ልትመረምሪኝ ነው የደወልሽው?

— ቆይ! ዝም በይ አንዴ።... ሰማሽው?... ዛጎሉ ነው! ኢግናስ ዛጎሉን እየነፋ ነው፣ መረቡ ወጣ ማለት ነው። ስልኩን ወደ መስኮቱ ልያዝልሽ...

— ሰማሽ?... አዎ እህቴ። ያው ነው፣ ያው ድምፅ።... ታለቅሻለሽ እንዴ?... እሺ፣ ጉንፋን ይሁንልሽ።

— ከዚህ ሁሉም ይታየኛል። የመረቡ ሆድ አሸዋው ላይ ደርሷል፣ ዓሣው ሲንፈራገጥ ያብረቀርቃል። ሉቪና ሱቋን ክፍት ትታ ወርዳለች። ፖሊሱ ሱሪውን ጠቅልሏል።... ሮሪማ ከጠዋት ጀምሮ ገመዱ ላይ ነው፣ ይኸው ከፖሊሱ ኋላ። መጀመሪያ ቀን መዳፉ ተልጦ ነበር፤ አሁን እንደኛ ሰው ወደ ኋላ ጋደል ብሎ በተረከዙ አሸዋውን እየቆፈረ ይጎትታል።... ይዘፍናሉ፣ አዎ። እሱ ቃሉን አያውቀውም፣ አፉን ብቻ ይከፍታል! ኧረ እንዴት ያምራሉ፣ ብታያቸው።... ድርሻውማ እንደ ድሮው ነው። ገመዱን የነካ ሁሉ ድርሻ አለው፣ ለአንድ ሰው አንድ ድርሻ። ኢግናስ በዚህ ቁርጥ አባቱን ነው፣ ለቄሱ እንኳ አንዲት ዓሣ አያስበልጥም።

— ይኸው፣ ኢግናስ ማካፈል ጀመረ።... መጣ መጣ፣ ሮሪ ባልዲውን ይዞ እየመጣ ነው። አሁን ጥብስ ነው ምሳችን...  ግባ፣ ግባ፣ አሸዋህን ደጅ አራግፍ!... ውይ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ሮሪ፣ ይሄ የሁለት ሰው ድርሻ ነው! የሌላ ሰው ይዘህ መጣህ፣ ሂድ መልስ!... ኢግናስ ራሱ ሰጠህ?... ምን ብሎ?... "አንዱ ያንተ፣ አንዱ ለሚመጣው..."

— ሄሎ?... ቴሬዝ?... አለሽ?

— አይ... እንግዳ አይመጣብንም።

— አውቃለሁ። አስታውሳለሁ እንጂ። አንቺ ማሪዝን ስታረግዢ የኢግናስ አባትም እንዲሁ ሁለተኛ ድርሻ ልኮልሻል። ባልዲውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።... አዎ።... አልዋሽሽም ቴሬዝ፣ ከእንግዲህ ምን ብዬ እዋሽሻለሁ? እሷው ናት።

— ማንም አልነገረውም! ለማንም ትንፍሽ አላልንም።... ሰው እኮ ዓይን አለው! ሉቪና ማሪዝ ዝንጅብል ደጋግማ ስትገዛ አየች። ኢግናስ ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ዳር ሆዷን ይዛ ቆማ አያት። ሁሉም አወቀ፣ ሁሉም ዝም አለ። ይሄ ከተማ፣ ቴሬዝ! የሰው ድስት ከፍቶ የሚያይ ከተማ! የፖሊሱን ሚስት ኩርፊያ በአንድ ጠዋት ጎረቤት ከተማ ቪዩ ፎር ድረስ ያደረሰ ከተማ! ለልጅሽ ሲል አፉን ይዟል። ጠዋት በሩን ስንከፍት የተቆረጠ ኮኮናት ደረጃው ላይ ተቀምጦ እናገኛለን፣ ማን እንዳስቀመጠው አናውቅም። የከበሮው ልምምድ ላይ ወንበር ያመጡላትና "ከነፋሱ ዞር በይ" ይሏታል፣ ሌላ ቃል የለም። በገና ይሄን ማን ያደርግልሻል? ሁሉም የእንግዳ ሻንጣ ተሸክሞ ሲሮጥ! ለዚህ ነው በጥቅምት የመጣችው።

— እንዴት ትጠላሻለች!... ስሚኝ። ቴሬዝ፣ ስሚኝ ዝም ብለሽ። ባለፈው ከራሷ ኀዘን ይልቅ ያንቺ ፊት ነው የጎዳት። "የራሴን እችላለሁ አክስቴ፣ የእማዬን ግን አልችለውም" አለችኝ፣ በዚህች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። አንቺን ልታተርፍ ነው እንጂ ልትደብቅሽ አይደለም።... እሱ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

— ባለፉት ጊዜያት ከደረሰችበት አልፋለች።... አዎ።... ሐሙስ ነው ሐኪሙ የሚያያት።... አላውቅማ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔም እፈራለሁ። ሁላችንም እንፈራለን። ግን ፊቷን ብታዪው፣ ስትመጣ ከነበረው ፊት ጋር አይገናኝም። ትስቃለች እኮ! ያንቺን ሳቅ።

— ቆይ... ምን አልሽ ማሪዝ?... እርግጠኛ ነሽ?... እንኪ፣ እንኪ የኔ ልጅ፣ እናትሽን አናግሪያት። ሮሪ፣ አንተ ና፣ ዓሣውን ደጅ እናጽዳ። ና ውጣ፣ እናትና ልጅ ይነጋገሩበት።

— ...

— ሄሎ? እኔ ነኝ ተመልሼ።... በረንዳ ላይ ናት፣ ሮሪ አጠገቧ ነው። አልቅሳለች፣ ግን ደህና ለቅሶ ነው።... አንቺስ? አሁንም ጉንፋን ነው?

— ትመጪያለሽ?... ነገ? በጥቅምት? አንቺ?... ሁሉ ነገር ዝግ ነው እኮ!... እሺ፣ እሺ፣ አላሾፍም። ነይ። ለሐሙስ ትደርሻለሽ። ሐኪሙ የሚለውን አንድ ላይ እንሰማዋለን፣ ደግ ቢሆንም፣ ባይሆንም።... አውሮፕላን ማረፊያው ሮሪ ይቀበልሻል። ሰላም በይው ደግሞ፣ አለዚያ ከተማው ይታዘብሻል!

— ግን አደራሽን፣ ባዶ እጅሽን ነይ። የሕፃን አልጋ፣ የሕፃን ልብስ፣ ምንም። እና ሹራብ የሚባል ነገር እንዳትጀምሪ።

— ምን አልሽ?... ጀመርሽው?

— ዛሬ ጠዋት?... ከሕልሙ እንደነቃሽ?... አይ ቴሬዝ! አይ አንቺ ሴትዮ!... በየቱ ክር?... ያንኑ? ቢጫውን?... ከመሳቢያው አውጥተሽ፣ ካቆምሽበት ቀጠልሽው።... አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም አልኩሽ። ቆይ፣ አትፍቺው! አስቀምጪው፣ እጅሽን አንሺ!

— ማሪዝ!... እናትሽ ያንን ቢጫ ሹራብ ካቆመችበት ቀጥላዋለች። ልፍታው ወይ እያለች ነው።... ምን ልበላት?

— ሄሎ፣ ቴሬዝ፣ ትሰሚያለሽ?... "አትፍታው፣ እጅጌውን እዚህ መጥታ ትሥራው" አለች።... አዎ። ልክ እንዲያ ነው ያለችው።... በይ ሂጂ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ዓሣው ፀሐይ ላይ ነው፣ ስልኩን ልዝጋው።... ቻው። ቻው እህቴ።