የሻምሶ ፎርም

ቢስሚላህ። ጋሽ ኸሊፋ፣ በመሸኛዎ ቀን እንዳይቆጡ፤ ከመጡበት ቀን ልጀምር። ከድሬዳዋ ሀርጌሳ እንደገቡ ዘበኛችን ባሬ በር ላይ አስቁሞ፣ «ምን ልታደርግ ነው ጡብ ይዘህ የምትገባው?» አላቸው። በፌስታል የያዙት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር! ባሬ እስከ ዛሬ አላመነም።

እዚህ ጋአን ሊባህ ሰፈር የእኛ ቢሮ ሥራ ሐበሻ የሆኑ የቤት ሠራተኞችን አቤቱታ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። እኔ ሰልዋ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ስንት ቁጣ ቀመስኩ! «ዳሜጅ ለዕቃ ነው፤ ሰው ዕቃ ነው እንዴ? ዋውንድ ቢላ ወይ ጥይት ሲያገኘው ነው። ኢንጀሪ አካል ሲጎዳ ነው። ሀርት ግን ስሜት ሲጎዳም፣ ለክፉ ቃልም ይሆናል፤ ዝም ብለሽ አትበትኚው!» ቴርሞሱ የተሰበረ ዕለት የሥራ ባልደረባችን ዴቃ ልታበሽቃቸው፣ «ጋሽ ኸሊፋ፣ ቴርሞሳችን ኢንጀርድ ሆነ» ብትላቸው ቀኑን ሙሉ አኮረፏት። ደግሞ ልማዳቸው! የሞሉትን ፎርም በአማርኛ መልሰው ሳያነቡ ማንንም አያስፈርሙም። «አንቺ ያልሽው ይሄ ነው?» ይላሉ። እኛ ከኋላ ሰዓት እናያለን።

ሳቁ ይብቃን። ባለፈው ረመዳን ሻምሶ የምትባል ልጅ፣ አሠሪዋ የፈላ ዘይት የደፋባትን እጇን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ማፍጠሪያ ደርሶ ነበር፤ ጋሽ ኸሊፋ ወጥተዋል። ቸኩዬ «ኢንጀሪ» በማለት ፈንታ «ሀርት» ብዬ ጻፍኩ። ሳላነብላት አስፈረምኳት። ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች ቀላል ጸብ መስሏቸው በሽማግሌ አስታርቀው እዚያው ቤት መለሷት። ሐኪም ሳያያት ሦስት ሳምንት ቆየች። ዛሬ ሁለት ጣቷ አይታጠፍም።

«ማን ሞላው?» ሲባል፣ «እኔ» ያሉት ጋሽ ኸሊፋ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ «አንቺ እናትሽን ታበያለሽ፤ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ። አለቃችን አቶ ዓብዲረዛቅ፣ እርስዎም «ዓይናቸው ደክሟል» ብለው ጡረታቸውን በሁለት ዓመት አስቀደሙት። ዓይናቸው አልደከመም። የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ኸሊፋ፣ በእጅዎ «ተቀመጪ» አይበሉኝ፤ ዛሬ አልቀመጥም። እንጀራዬን አተረፉልኝ፣ እኔ ስምዎን አስበላሁ። ይቅር ይበሉኝ። ሻምሶንም 26 ጁን ሰፈር ድረስ ሄጄ ይቅርታ ለመንኳት። በሩን ዘጋችብኝ፤ ልክ ናት።

በሉ፣ ጭማቂያችሁን አንሱ። ለጋሽ ኸሊፋ! አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ያርፉ። አቶ ዓብዲረዛቅ፣ እርስዎም ያንሱ እንጂ። ነገ ጠዋት ቢሮዎ እመጣለሁ፤ የእሳቸውን ስም ከዚያ ፋይል አውጥተው የኔን ይጻፉ።