ቀድሞ የወጣው ሶፍት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር ከታወቀ የድሮ ልብ ወለድ የተሠራ የጣሊያን ፊልም ከፈትን። ወታደሩ ከጦርነት ተመልሶ የቤቱን በር ሊያንኳኳ ሲል አልማዝ ሶፍት አወጣች። በሩ ገና አልተከፈተም፤ ሚስቱ ሌላ ማግባቷን እሱም እኔም አናውቅም። እሷ ግን ማልቀስ ጀምራለች። በጋዜጠኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ከስሜት ይልቅ ማስረጃ አምናለሁ። ማስረጃው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል።

“ይህን ፊልም አይተሽዋል” አልኳት።

“አዎ።”

“ከማን ጋር?”

“ከአንድ ሰው ጋር። ትከሻዬ ላይ ጋደም ብሎ።”

ውስጤ አረረ። እንደ ልማዴ ድምፄን ሳልለውጥ “ማን ነው?” አልኩ።

“ከኦቨርታይም መጥቶ፣ የተዋንያኑ ስም ተጽፎ ሳያልቅ የሚያንኮራፋ ጋዜጠኛ ነዋ! ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ አልቀሰቀስኩህም” ብላ በእንባዋ መሐል ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ያ ሰውዬ ፊልሙን ሙሉ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ጨርሶታል፤ እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ምርመራ እያካሄድኩ ነበር።