በር ቢያብር ተቆጣጣሪ ያስር

«ዝናቡን ዛሬ ደግሞ ምን ነካው የኔ ቆንጆ? ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ማሞቂያው አጠገብ ቁጭ በይ። ጋሪውንም ወዲህ አስጠጊው። ውይ ውይ ውይ… ባርናቢ የሚሉት ይሄ ነው? ጉንጩን እዩልኝ እስቲ! ሊጥ ኩፍ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ልክ እሱን! ሻይ ልቅዳልሽ? ወተት ይግባበት እንጂ፣ የዚህን አዳራሽ ሻይ ጥቁሩን የጠጣ ሰው ጥርሱን ስኒው ውስጥ ትቶ ነው የሚሄደው።»

ቤሪል ይህን ስትል ቀኑ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። በዚያች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ የሰው ልጆችን ቀን ቀን በቤታቸው በክፍያ እየያዙ የሚተዳደሩ ሴቶች ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ በቅዱስ ኦስዋልድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ልጆቹ መሐል ላይ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ዳር ዳሩን ተቀምጠው ሰው ያነሳሉ፣ ሰው ይጥላሉ። ቤሪል በዚህ ሥራ ከመቆየቷ የተነሳ ዛሬ ከተማውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች አፍንጫ በሙሉ በእሷ መሐረብ የተጠረገ ነው። ዘንድሮ ግን ቤቷ ተራቆተ። የያዘቻቸው ልጆች አንድ በአንድ ወጥተው እዚያው መንገድ ላይ ወዳለ ሌላ ቤት ገቡ። አሁን ይህ ባርናቢ የሚሉት ሊጥ እጇ ካልገባ፣ ቤሪል በሯን ዘግታ ብስኩት ፋብሪካ ትገባለች፤ ከማሽኑ ሥር ስብርባሪ ስትለቅም ትውላለች። እናቱ ታምሲን ከደቡብ ገና መምጣቷ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ ልጇን የምታስቀምጥበት ቤት አላገኘችም።

ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ደግሞ፣ ጀርባዋን ሰጥታ አንዲት ሴት ወይን ፍሬ ትቆርጣለች። ቤሪል ወንበሯን ትንሽ ዞር አደረገችው። አፏ ወደ ታምሲን፣ ድምጿ ወደዚያ ጠረጴዛ።

«ቤት ፍለጋው እንዴት ሆነልሽ ልጄ? እኔማ ስለ ራሴ አልናገርም። እኔ ‹ጥሩ› ነኝ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ቤቴን አየች፣ ‹ጥሩ› ብላ ጽፋልኝ ሄደች። ጥሩ ምን ማለት ነው? ሾርባም ጥሩ ይባላል፤ ጫማም ጥሩ ይባላል። እዚህ ከተማ ግን ‹እጅግ የላቀ› የተባለች አለች! ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። ከዚያ በላይ ያለው እግዜር ብቻ ነው፤ እሱንም ገና መጥተው አልተቆጣጠሩትም። ማን ናት?… ተይኝ፣ ስም አልጠራም። ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ ቤቷ ላይ ተሰቅሎ የለ? ማዕረጓ የተጻፈበትን ጨርቅ አላየሽውም? ከጣሪያ እስከ አጥር! ባለፈው ሰሞን ወደ ማንቸስተር የሚሄድ አውሮፕላን ማረፊያው መስሎት ጎማውን ዘርግቶ ነበር ይላሉ… እኔ አላየሁም። ጎረቤቷ አቶ ክሌግ ግን ፀሐይ ስለተጋረደበት የቲማቲም ችግኙን እየተሸከመ እኔ ግቢ ያሞቀዋል። ቢሆንስ? ክብር እኮ ነው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ… እኔ ሞኝ አላልኩም። ወረቀት ነው ያልኩት።»

ከጀርባ ቢላዋው ጠቅ ጠቅ ይላል። ጠቅታው ትንሽ ፈጠን አለ።

«ጥንቃቄዋን ብነግርሽ! ለሕፃን ወይን ፍሬ አራት ቦታ ይቆረጣል፤ እንዳያንቀው ሁላችንም እንቆርጣለን። እሷ ግን አንጀቷ መቼ ይችላል? አተርም አራት ቦታ! ሩዝም አራት ቦታ! ሰኞ የጀመረችው ሩዝ ረቡዕ ለምሳ ይደርሳል። ልጆቹም እንዴት ያሉ ታጋሾች ወጡ መሰለሽ፣ ረሃብ እንኳ ተራ ጠብቆ ነው የሚገባባቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እሷ ቤት ግን አስቀድሞ የብስክሌት ቆብ ይደረግለታል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ያለው ሰውዬስ የእሷን ቤት መቼ አየና? እዚያ ማን ያለቅሳል? እንባ ወለል ላይ ወርዶ ሰው ያንሸራትታል ተብሎ፣ ከንፈሩን የጣለ ልጅ ፊት ሁሉ ቢጫ ምልክት ይተከልበታል።

«ደግሞ ትምህርቱ! ፊደል እንዲለምዱ ብላ በሩ ላይ ‹በር›፣ ወንበሩ ላይ ‹ወንበር› ብላ ለጥፋለች። ድመቷ ግንባር ላይ ‹ድመት›። ድመቷ በመስታወት ባየችው ቁጥር ትደነግጣለች አሉ፤ እስከ ዛሬ ሌላ ነገር የሆነች መስሏት ኖሮ። ባሏም ላይ ለጥፋለች… ምን ብላ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ምን ክፋት አለው? እሷ ካልጻፈችለት እሱስ ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

«ልጆች ከትንሽነታቸው ድምፅ መስጠት ይማሩ ተብለን የለ? እኔ ቤት ‹ሙዝ ነው ፖም?› እላለሁ፣ ብዙ የጮኸ ያሸንፋል፤ የኔ ነገር፣ ኋላ ቀር ነኝ። እሷ ቤት ግን እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ይጨበጨባል። አንድ ቀን የአንዱ ዳይፐር ይቀየር አይቀየር በድምፅ ተወሰነ። ምስኪኑ ባለቤቱ ተሸንፎ እንደተሸከመ ዋለ። ግን ሳይከፋው! የብዙኃኑን ውሳኔ አክብሮ! እኛ ትልልቆቹስ መቼ እንዲህ ሆነን እናውቃለን?»

ታምሲን ሻይዋን እንደያዘች አፏ ትንሽ ተከፍቶ ትሰማለች።

ያኔ ነው ከልጆቹ መሐል ዊኒ ብድግ ብላ የመጣችው። ዊኒ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቢጫ የዝናብ ቦቲ ታደርጋለች። መቀመጥ ሳትችል ጀምሮ ቤሪል ጭን ላይ ነው ያደገችው፤ ባለፈው ፋሲካ ነው ወደዚያኛው ቤት የተዛወረችው። ቤሪል ከሳህኑ ብስኩት አንስታ ሰጠቻት። ዊኒ ተቀበለች። አልበላችም። ብስኩቱን ጉንጯ አጠገብ አድርጋ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ትጠብቃለች። ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ፤ ብስኩቱን በዓይኗ ጥግ ታየዋለች፤ ግን አትነቃነቅም። እዚያኛው ቤት ለልጆቹ መዝገብ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ጉርሻ የለም ተብላ ለምዳለች።

«ብይ የኔ እናት» አለች ቤሪል። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደማንም ጠረጴዛ ሳይሆን ወደ ልጅቷ ብቻ ሄደ። «እኔ ካሜራ የለኝም። ብይው።»

ዊኒ ግራ ቀኝ አይታ ገመጠችው። ከጀርባ የቢላዋው ጠቅታ ለአንድ አፍታ ቆመና ቀጠለ። ቤሪል ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ድምጿም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

«ተቆጣጣሪዋ የመጣች ዕለትማ አይወራም! ማን ነገረሽ አትበይኝ፤ የልጅ አፍ መቼ ይዘጋል? ደረጃው ላይ ልጅ እንዳይወድቅ የሚዘጋ በር አለ አይደል? ሁላችንም አለን። እሷ ግን ላይም አንድ፣ ታችም አንድ፣ ሁለቱም ከጀርመን የመጡ። መጀመሪያ ትጫኚዋለሽ፣ ታነሺዋለሽ፣ ታዞሪዋለሽ፣ በጉልበትሽ ትገፊዋለሽ፣ ከዚያ ትጸልያለሽ። ተቆጣጣሪዋ ሆዬ እጇን ልትታጠብ ፎቅ ወጣች። ስትመለስ የላዩ ከኋላዋ ቀጭ! የታቹ ከፊቷ እንደተዘጋ ነው። ትጫናለች፣ ታነሳለች፣ ታዞራለች… ወይ ፍንክች! ትጩህ? አስቢው እስቲ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው በር ስትመረምር የኖረች ሴት፣ በበር ተሸንፋ ትጩህ? የት ትገባለች? መሐል ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና በፍርግርጉ እያየች መጻፍ ጀመረች። በኛ ጊዜ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር የሚባለው… ይኸው በር ቢያብር ተቆጣጣሪ አሰረ።

«ባለቤቲቱስ? ሮጣ ትከፍታለች ብለሽ ነው? ያንንማ እንደኔ ያለች ‹ጥሩ› ብቻ የሆነች ሰው ናት የምታደርገው። እሷ ልጆቹን ሰበሰበች። ‹እንግዳችን ይውጡ ወይስ ይቆዩ?› ብላ ድምፅ አሰጠች። ይቆዩ አሉ! ይውጡ ያለች አንዲት ብቻ ነበረች፤ ማን እንደሆነች አልነግርሽም፣ ቢጫ ቦቲ አላት። መንግሥት በሕፃናት ድምፅ ታሰረ! ሴትዮዋን ምሳዋን በፍርግርጉ አጎረሷት፤ ወይን ነው፣ አራት ቦታ። ፎቶ አነሷት። እንደ ልጆቹ ሁሉ ከፎቶው ሥር ‹ትዕግሥቷ እየዳበረ ነው፣ ከመጣች ጀምሮ ጥሩ ለውጥ አሳይታለች› ተብሎ ተጻፈላት። በመጨረሻ ያቺው ባለ ቢጫ ቦቲዋ ሄዳ፣ ዞር ብላ በመቀመጫዋ ገጨት ስታደርገው በሩ ወለል! የት ተማረችው?… እኔ ምን አውቅልሻለሁ። የኔ ቤት በር እንደሆነ አሮጌ ነው፤ በመቀመጫ ካልገጩት አይከፈትም።

«እና ምን ተብሎ ተጻፈ መሰለሽ? ‹የቤቱ ደኅንነት በራሴ ላይ ተረጋግጧል። ልጆቹ ያለ ማንም ግፊት ይወስናሉ። የሦስት ዓመት ሕፃን ትልቅ ሰው ያቃተውን በር ትከፍታለች፤ ይህ የያዘቻት ሴት የድካም ፍሬ ነው።› የያዘቻት ሴት!… እሰይ። እጅግ የላቀ! ይገባታል እኮ። አገሩን ዙሪው እስቲ፣ ተቆጣጣሪ እቤቱ አስሮ ውሎ ተመርቆ የቀረ ሌላ ማን አለ?»

ቤሪል ወደ ኋላ ተደገፈች። የዚያ ከተማ እናት ብትሆን፣ ይህ ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ከተንቆረቆረ በኋላ ልጇን ታቅፋ እስከ ባሕሩ ዳር በሮጠች ነበር። ታምሲን ግን ከደቡብ የመጣች ናት፤ የተነገራትን እንደተነገራት ትውጣለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሩዝ ሳይቀር የሚቆረጥበት ቤት! ልጅ ቀርቶ መንግሥት የማያመልጥበት ቤት! ዞር አለች፤ የምትፈልጋትን ለማግኘትም አልተቸገረችም። የቀጣዩ ጠረጴዛ ሴት ሽርጥ ከኋላው በወርቅማ ክር ‹እጅግ የላቀ› የሚል ተጠልፎበታል። ጃንጥላዋም ላይ አለ። የወይን ፍሬው ዕቃ ክዳን ላይም አለ።

ታምሲን የቤሪልን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ የምሥራች እንዳበሰረ ዘመድ ጨመቀችው። ከዚያ ተነሳች፤ ጋሪውንም አዞረች። ባርናቢ በጋሪው ጠርዝ በኩል ያንን ኩፍ ያለ ጉንጩን ወደ ቤሪል መልሶ እያየ፣ ጎማው እየተንጫጫ ወደዚያ ጠረጴዛ ተነዳ። ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ለመሳቅም ለማልቀስም ሳትወስን፣ ስልኳን ወደ ሕፃኑ አነጣጠረች።

ቤሪልን የፋብሪካ ብስኩት ሸተታት። ዊኒን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የገና መዝሙር እንደሚያወጣ ሰው ድምጿን አለሳልሳ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ፣ ከታምሲን ኋላ ምርቃቷን ላከች።

«ሂጂ የኔ ቆንጆ፣ ሂጂ… እንኳንም ነገርኩሽ! ለእሷም ምርቃቴን አድርሺልኝ። ዕድሜ ይስጣት በያት። ወገቧ እስኪጎብጥ፣ ጥርሷ እስኪያልቅ፣ የገዛ ባሏን ግንባሩን አንብባ እስክትለየው ድረስ ዕድሜ ይስጣት። ያኔም ደጉ አምላክ ብቻዋን አይጣላት። ቁርጥ ራሷን የመሰለች፣ እንደ ራሷ እጅግ የላቀች ተንከባካቢ ይላክላት። ወይኗን አራት ቦታ የምትቆርጥላት… ማንኪያ ባነሳች ቁጥር ፎቶ የምታነሳት… ከፊቷም ከኋላዋም በሩን ቀጭ አድርጋ የምትዘጋላት ትሁን። ልውጣ ባለች ጊዜም፣ ድምፅ የሚሰጡ ልጆች ዙሪያዋን ይሙሏት። በሩን ለምትከፍተው ለዚህች ባለ ቢጫ ቦቲ ብቻ… ያን ቀን ወደ እኔ ቤት መንገዱን ያቅናላት። አሜን በይ፣ ዊኒዬ።»