ሳይመረቅ የማይመታ ከበሮ

ቅዳሜና እሁድ ሸዋ ሮቢት ላይ የኪነት ውድድር ነው። ከማጀቴም ከጀውሃም የመጡ ጓዶች ዳሱን ሞልተውታል፤ ሙቀቱ አያድርስ ነው። እኔ የቀበሌያችን ከበሮ መቺ ነኝ። ከበሯችን ዋዜማውን ተቀዶብን፣ የጎረቤቴን የእትዬ ዘይነባን ድቤ ለምኜ መድረክ ወጣሁ። ሟች ባላቸው መንዙማ ይሉበት የነበረ ነው። ልመታ እጄን ሳነሳ እትዬ ዘይነባ ከሕዝቡ መሀል ብድግ አሉ። «ቆይ ልጄ፣ ይሄ ድቤ ዱዓ ሳይደረግበት ተመትቶ አያውቅም» አሉኝ።

 ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የአውራጃው ካድሬ፣ ያን ሰሞን በየስብሰባው ሃይማኖትን ሲያወግዝ የከረመ ሰው ነው። ሁላችንንም ሊያሳስረን ነው ብዬ ያነሳሁትን እጄን መለስኩ። እትዬ ዘይነባ ግን ማንንም አላስፈቀዱም። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ያረብ፣ የዘመቱትን ልጆቻችንን በሰላም መልስልን» አሉ። ሕዝቡ «አሚን» አለና እንደ ወጉ በሁለት መዳፉ ፊቱን አበሰ።

ዓይኔን ከካድሬው አልነቀልኩም። እሱም ሁለት መዳፉን ከጉልበቱ አንስቶ ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብሎ ፊቱን አበሰ። እንዳየሁት ሲያውቅ፣ «ምን ትጠብቃለህ ጓድ፣ ምታ እንጂ» አለኝ። አጠገቡ ወዳለው ሰውም ዞር ብሎ፣ «የሮቢት ሙቀት በላብ ጨረሰን እኮ» አለ።

ነጭ መሐረቡ በካኪ ኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር።