የጋሼ ጓጉንቸር በር

ቁልፍ ሠሪው ሰው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። የሰፈሩ ሰውም ይህን አይቶ «ጋሼ ጓጉንቸር» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። «እንደምን አደሩ?» ሲባሉ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ሐሳብ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ነው። መልሳቸው አንዲት ራስ መነቅነቅ ናት፤ እሷንም ቢሆን ሰስተው ነው የሚሰጧት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞረዳቸውን ቤት ረስተው ኖሮ ከሱቅ ተመለሱ። ደረጃውን ወጥተው ቁልፍ ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው እንደ ከተቱ የልጃቸውን ድምፅ ከውስጥ ሰሙ።

«እንደምን ዋሉ? አረፍ ይበሉ እንጂ! ዛሬስ እንዴት ነዎት?» ትላለች። ጥቂት ዝም ትልና ትስቃለች። «አይ፣ እኔ እንኳ እንደዚያ አላሰብኩም» ትላለች ደግሞ።

የጋሼ ጓጉንቸር ደም ፈላ። ነርስነት ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ቤት የዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቅ፣ ለእሳቸው እንኳ ከ«እሺ» በላይ የማትመልስ ልጅ ናት እንዲህ የምትስቀው? አንቱ ማለቷን ሲሰሙ ደግሞ ጉዳዩ ባሰባቸው። በዕድሜ የገፋ ወንድ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ በሦስት ቁልፍ በሚዘጋው ቤታቸው!

በዚህ መካከል የጎን ቤት ተከራይ የሆነችው ወጣት መምህርት ቦርሳዋን አንግታ ደረጃውን ወጣች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?» አለች እንደ ልማዷ።

«ቆይ አንቺ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ። «ቤቴ ውስጥ ማን ነው ያለው?»

መምህርቷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

«ማንም የለም ጋሼ። ሰው ማነጋገር እየተለማመደች ነው። ከነገ ወዲያ አንድ ክሊኒክ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት የለ? ጮክ ብለሽ ተለማመጂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«እኔም ብዬ ነበር፤ የአንቺ እጅ አለበት! ለመሆኑ አንቺ ከዚህ ምን ታገኛለሽ?»

«ምንም።»

«ያለ ነገርማ ሰው ለሰው አይለፋም!»

«እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ፤ የታመምኩ ቀን የምታክመኝ ነርስ እንዳታፍረኝ ብዬ ነው።»

እሳቸው አልሳቁም። «ስሚ ልጄ፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን ነው ያደግነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ባለፈው ሌላው ክሊኒክ ሳይቀጥራት የቀረው ንግግር አንሷት መሰለሽ? ዘመድ ስለሌላት ነው! እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«እሷ ነግራዎት ነው?»

«መንገር ምን ያስፈልጋታል?»

መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቆጡኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ልንገርዎ። ባለፈው ፈታኞቹ መጀመሪያ የጠየቋት ስሟን ነው። ስሟን መናገር አቃታት። ጫማዋን እያየች ቆማ ቆማ፣ እያለቀሰች ወጣች። ትምህርቱንማ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።»

ጋሼ ጓጉንቸር በልጃቸው ፈንታ የተቀጠረውን፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው ስንት ጊዜ ረግመውታል! ያም ሆኖ በቀላሉ እጅ አልሰጡም።

«ዓይን አፋርነት ጨዋነት ነው» አሉ።

«ጨዋነት ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ ነው ጋሼ። ጨዋ ሰው መናገር እየቻለ ጊዜውን ይጠብቃል። የፈራ ሰው ግን ጊዜው ሲመጣም አፉ ይያዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ነርሷ ራሷ ቀና ብላ ‹የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?› ካላለች በሽተኛው ለማን ይናገር?»

«ቀና ብላ ብትሳሳትስ? ሰው ሁሉ ይታዘባታል።»

«ሰው ሁሉ የራሱ ጭንቀት አለበት፤ እሷን ለመታዘብ ጊዜ የለውም። ለምሳሌ እርስዎ ጫማዬን ልብ ብለውት ያውቃሉ?»

«እኔ የማየው እጅሽን ነው፤ ምን ይዛ ወጣች ብዬ።»

መምህርቷ ከት ብላ ሳቀች። «ይሁን ጋሼ! እስቲ በሞያዎ ልጠይቅዎ። ሁልጊዜ ተቆልፎ የሚኖር፣ ጨርሶ የማይከፈት በር ምን ይባላል?»

«ግድግዳ ነዋ» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው ቆጫቸውና ቁልፋቸውን መዘዙ። «ወሬሽን ተይው። በዓይኔ እስካላየሁ አላምንም!»

ሦስቱንም ቁልፍ ከፍተው ዘው አሉ። ሰው የለም። ልጃቸው ክፍሉ መሃል ቆማለች። ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ የእሳቸው አሮጌ ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ ከበላዩም ኮፍያቸው በመጥረጊያ እንጨት ተደግፎ ተቀምጧል።

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይሄ... እኔ ነኝ?» አሉ አባት።

ልጅቷ በዓይኗ ወደ መምህርቷ ጠቆመች። «‹በጣም የምትፈሪውን ሰው ፊትሽ አስቀምጪና አነጋግሪው› አለችኝ። እርስዎን ካነጋገርኩ ማንንም አያቅተኝም ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ቁልፍ ሠሪው ልጃቸውን ክፉ ሰው እንዳይነካት ሲቆልፉ ኖረዋል፤ እሷ ግን ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትፈራው እሳቸውን ኖሯል።

ካፖርቱን አነሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ፣ ጀምሪ።»

«እንደምን ዋሉ?» አለች ጫማዋን እያየች።

«ቀና በይ» አለች መምህርቷ ከበሩ ላይ። «ዓይናቸው ከከበደሽ ቅንድባቸውን እዪ።»

ቀና አለች። «ዛሬስ... እንዴት ነዎት?»

ጋሼ ጓጉንቸር እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሊነቀንቁ ቃጡና ተዉት። «ወገቤን ያመኛል» አሉ። «ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

«የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ሲያጎነብሱ ይብሳል ወይስ ሲቀመጡ?» ልጅቷ መፍራቷን ረስታ ተጠጋች። ጠየቀች፣ መልሱን በጥሞና ሰማች፣ እንደገና ጠየቀች። አባቷም ያን ሁሉ ዘመን የደበቁትን ሕመም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

በቃለ መጠይቁም ቀን ስሟን ጥርት አድርጋ ተናግራ ሥራውን አገኘች። ቀድሞ ሰላም ማለት፣ ቀና ብሎ ማየት፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ከልብ መስማት፦ መምህርቷ ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። ከእናት ሆድ ይዞት የሚወጣ የለም፤ እንደ ማንኛውም ሞያ በልምድ የሚገኝ ነው። የለመደው ሰው እንጀራውን አያጣም፣ ሕመሙን ብቻውን አይሸከምም፣ በገዛ ቤቱም እንግዳ ሆኖ አይኖርም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መምህርቷ ደረጃው ላይ ከጋሼ ጓጉንቸር ጋር ተገናኘች።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?» አሉ ቀድመዋት።

መምህርቷ ክው ብላ ቆመች። «ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም» አሉ ፊቷን ቀና ብለው እያዩ። «እንዴት እንደዋልሽ ልሰማ ነው።»