ጋቢና የሌለው የሐረር መንገድ

ሰው ለአንድ ጉዳይ ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ጉዳይ ፈጽሞ የሚመለስበት ቀን አለ። እኔም ባለፈው ጥቅምት፣ ከደሴ የተላከልኝን የመጻሕፍት እሽግ ልቀበል ወደ መካነ ሰላም መናኸሪያ ወርጄ፣ አውቶቡሱ ቢዘገይብኝ ከአጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴን ሼህ ሰዲቅን ከአንድ የመኪና ደላላ ጋር ቆመው አየኋቸው።

ሼህ ሰዲቅ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የከተማችንን ግማሽ ልጅ ቁርኣን ያስቀሩ ሰው ናቸው። በልጅነታችን እኔ የግዕዙን ሰዋስው፣ እርሳቸው የዐረብኛውን ነሕው ስለ ተማርን፣ ስንገናኝ ስለ ግስና ስለ አገባብ እየተጨዋወትን አብረን ያረጀን ወዳጆች ነን። በዚያን ቀን ግን የጨዋታ ፊት አልነበራቸውም። የሟች ወንድማቸው ልጅ ፈውዚያ፣ በከተማው ጂኦግራፊ የምታስተምረው፣ የኩታቸውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ትስባቸዋለች።

«አብዬ፣ አላህን ይፍሩ፤ ቀብዱን አይስጡ!»

«ልቀቂኝ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ያለፈውንስ ማን ያላየው አለ?»

ሼህ ሰዲቅ ዘወር ሲሉ ዓይናችን ተጋጠመ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ የኔታ! እንኳን አላህ አመጣዎ። እስቲ ይችን ልጅ ይገሥጹልኝ።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አልሁና ተነሥቼ ቦታ ለቀቅሁላቸው። «ከመገሠጼ በፊት ጥፋቷን ልስማ።»

ደላላው ነገሩ እንደሚረዝም ገብቶት፣ «ሽምግልናው ሲያልቅ ሻይ ቤት ነኝ፤ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ።

«ሐረርን ለማየት ነው ያሰብሁ» አሉ ሼህ ሰዲቅ ሲቀመጡ። «የአሚሮቹን መናገሻ፣ ያችን በግንብ የታጠረች ከተማ። ሸኻችን ሲያስቀሩን የሐረርን ዑለማ ሳያነሡ የዋሉበት ቀን የለም። እኔና ኑርሁሴን ያኔ ደረሶች፣ የሸኻችን ተማሪዎች ሳለን፣ ሳንሞት አብረን ሄደን እንዘይራት ብለን...»

የጀመሩትን ሳይጨርሱ ኩታቸውን አስተካከሉ። ያቋረጡበትን ምክንያት እኔም፣ ፈውዚያም፣ መናኸሪያውም ሁሉ ያውቀዋል። ላላወቀ ግን መንገር ይገባኛል።

በአገራችን መኪና የተከራየ ሰው ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ ነውር ነው። ወንበሩ የተከራዩ መሆኑ ይቀርና የዘመዱ ሁሉ መብት ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ሼህ ሰዲቅ ለዚሁ ለሐረር መንገድ አሥራ አንድ ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ቢከራዩ፣ ወሬው ከቀዬ ቀዬ ዞሮ በመነሻው ጠዋት ስንቁን የጠቀለለ አሥራ ስድስት ዘመድ ደጃፋቸው ላይ ተገኘ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሾፌሩ ጎን ያለችው ወንበር፣ ጋቢና የምትባለው፣ አንዲት ብቻ መሆንዋ ነበር። ሼህ ሰዲቅ ተከራይ ነኝ ብለው ቀድመው ገቡባት። ሼህ ኑርሁሴን ግን በዕድሜ በአንድ ረመዳን ይበልጧቸዋል፤ ጉልበታቸውም ታማሚ ነው። በሩ አጠገብ ጥቂት ቆመው ጠበቁ፤ «ና፣ ግባ» የሚላቸው ሲጠፋ ምርኩዛቸውን አንሥተው ያለ አንዲት ቃል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መኪናው አቀስታ ሲደርስ ሴቶቹ፣ «የተቀየመ አባት ጥለን ዚያራ የለም» ብለው አስቆሙት፤ ሁሉም ሐረርን ሳያይ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ አጥር ተለያይተው እየኖሩ የሚሰላለሙት በሰው አፍ ነው። የአምሳ ዓመት ወዳጅነት በአንዲት ወንበር ተሸጠ።

«ዘንድሮ እንዲያ አይሆንም» አሉ ሼህ ሰዲቅ። «የምከራየው ትልቅ ነው። ሃያ አራት ሰው ይይዛል።»

ፈውዚያ ሳቀች። «ወንበሩ ሃያ አራት ሲሆን ዘመዱ ሠላሳ ይሆናል፤ አብዬ የራስዎን ዘር አያውቁም? ሃምሳ ወንበር ቢከራዩስ ጋቢናው ያው አይደለም?»

«ታዲያ እንደ ከብት ነጋዴ በአውቶቡስ ተጋፍቼ ልሂድ ነው የምትይ? ጅዳ ሄደው የሚሠሩት ልጆቼ ጣሉኝ ይባል? ሰው ምን ይለኛል!»

«ሰውማ አሁንም እያለ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። «‹ሰዲቅና ኑርሁሴን ምን ነካቸው?› ነው የሚለው። የአውቶቡሱን ወሬ ሰው በሁለት ቀን ይረሳዋል፤ የእናንተን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሳም።»

እዚህ ላይ ጣልቃ ልገባ ከጅሎኝ ተውሁት፤ እውነት ከቤት ልጅ አፍ ስትወጣ የጎረቤት እርዳታ አያሻትምና። ይሉኝታ ከእኛ ጋር የኖረ በሽታ ነው። ስለ ሰው ዓይን ስንጨነቅ የሰውን ልብ እንሰብራለን፤ ክብራችንን በመኪና ጎማ ቁመት እንለካለን። የተማረው ወገናችንም ቢሆን ከዚህ አልነጻም፤ መኪናውን ከደጅ ሳያቆም ለቅሶ የማይደርስ ስንት መምህር አውቃለሁ።

ፈውዚያ ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አውጥታ ገለጠች። «የኔታ፣ ይመልከቱልኝ። ከዚህ ደሴ በአውቶቡስ፤ አዳር ከአክስቴ ከሀዲያ ዘንድ። ከደሴ አዲስ አበባ እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይነሣ ቀኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከድሬዳዋ ሐረር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሁሉም በስሙ ቲኬት ይቆርጣል፤ ወንበሩ በቁጥር ነው፤ ማንም ለማንም አይሰጥም፣ ማንም ማንንም አይነፍግም።»

«ከድሬዳዋስ በምንድን ነው?» አሉ ሼህ ሰዲቅ ዓይናቸውን አጥብበው።

«በሚኒባስ።»

«ሚኒባስ ጋቢና አለው!»

«አለው። እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ቅር የሚለው ካለ ከአሁኑ ይናገር።»

ሼህ ሰዲቅ እንዳይስቁ ጢማቸውን ያዙ። ቢሆንም አልተረቱም። «እሺ፣ ደረስን። ያን ሁሉ ከተማ በምን ዞረን እናየዋለን? መኪና የለን።»

«በግንቡ ውስጥ ያለው የጀጎል መንገድ እኮ ለእግር የተሠራ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከተጣበቀ የሚሞላ ስንት መተላለፊያ አለ! መኪና ብንይዝ ከበሩ ቆሞ ሾፌሩ ሲተኛ ይውላል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ‹እንመለስ› ይለናል። በእግራችን ከሆንን ግን አምስት ቀን እንሰነብታለን። በቀን አንድ በር፣ አንድ ሠፈር፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እንወጣለን፤ ጉልበት ሲዝል መስጊድ አይጠፋም፤ ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው፣ አርፈው ይነሣሉ። ጓዝ ለሰው አንዲት ቦርሳ፤ ጫማ የለመዱትን እንጂ አዲስ አይደለም።»

«አዲሱን ጫማ ማን ያየዋል ታዲያ?»

«አላህ ያየዋል፤ እግርዎም ይቆስልበታል።»

አሁን የእኔ ተራ መሆኑ ገባኝ። «ሼህ ሰዲቅ» አልሁ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዒልም፣ ዕውቀት ፍለጋ ከዚህ ከቦረና ወጥታችሁ ስትዞሩ በምን ሄዳችሁ?»

«በምን ይሆናል፣ በእግራችን ነዋ።»

«ስንቃችሁስ?»

«አንድ ስልቻ በሶ ነበረን፤ የሁለታችንም።» ዓይናቸው ከመናኸሪያው አጥር አልፎ ወደ ሩቁ ተራራ ሄደ። «በየተራ ነበር የምንሸከም። ሕግ ነበረን፤ ስልቻውን የያዘ ፊት ይሄዳል፤ ያልያዘ ከኋላ ይከተላል። ኑርሁሴን ተንኮለኛ ነበር፤ ዳገት ሲሆን እንዳልደክም ስልቻውን ይቀበለኝና ‹አንተ ቁልቁለቱን ትቀድማለህ› ይለኛል።»

«እንግዲያ በዚያ ዘመን ፊት የሚሄደው ሸክም የያዘው ነበር» አልሁ። «ከሁለት ዓመት በፊት ግን ፊት የሄደው ምንም ያልያዘው ሆነ።»

ቃሌ እንደ ከበደባቸው አየሁ። ሰዋስው ያስተማሩኝ መምህር ትርፍ ቃል ጥሩውን ዓረፍተ ነገር ያበላሸዋል ይሉ ነበርና ሌላ አልጨመርሁም። ሼህ ሰዲቅ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩና እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ፣ «መንገዱስ እሺ፤ እርሱ እሺ ይለኛል ወይ?» አሉ። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነበር። የፈሩት ግፊያውን ሳይሆን የወዳጃቸውን ደጅ ነው፤ ትልቁን መኪናም የፈለጉት ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል ብለው ነበር።

«ሄደን እንጠይቃቸዋለና» አለች ፈውዚያ።

እሽጌ ሲመጣ እንዲቀበልልኝ ለቲኬት ቆራጩ አደራ ብዬ ሦስታችን ወጣን። ደላላው ከሻይ ቤቱ በር ተጣራ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሼህ ኑርሁሴን ከደጃፋቸው ሰሌን ዘርግተው የኪታብ ሽፋን በወፍራም መርፌ ይጠግኑ ነበር። የእግራችንን ኮቴ ሰምተው ራሳቸውን ቀና አላደረጉም።

«ማን ነው?»

«ሰዲቅ ነኝ።»

«የትኛው ሰዲቅ? እኔ የማውቀው ሰዲቅ ጋቢና ውስጥ ነው የቀረ።»

«ከዚያ ወርጄ ነው የመጣሁ።»

«ለመውረድ ሁለት ዓመት ፈጀብህ? እጅግ ከፍ ያለ መኪና ኖሯል።»

ፈውዚያ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ሼህ ሰዲቅ ግን ከሰሌኑ ጫፍ ላይ በጉልበታቸው ተቀመጡ። «ኑርሁሴን፣ አውፍ በለኝ። ባንተ ወንበር ነበር የተቀመጥሁ።»

መርፌው ቆመ።

«ለዚህ ነው የመጣህ?»

«ለዚህም ነው። ሐረር እንሂድ።»

«መኪናው የት ቆሟል?»

«መኪና የለም። በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ የቀረውንም በእግራችን።»

«ጉልበቴስ?»

«በየመስጊዱ እናርፋለን። ከምርኩዝህ ሌላ እኔ አለሁ።»

«ስንቁንስ ማን ይሸከማል?»

«እንደ ድሯችን። የተሸከመ ይቀድማል።»

ሼህ ኑርሁሴን መርፌውን በሽፋኑ ላይ ሰኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩአቸው። «እንግዲያውስ መጀመሪያ የምሸከመው እኔ ነኝ። አንተስ የቀደምኸኝ ይበቃሃል።»

ሁለቱ ሲተቃቀፉ እኔና ፈውዚያ አጥሩን መመልከት ጀመርን።

በሳምንቱ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ የወሰደችው ፈውዚያ ሄዱ፤ ዘመድም በባዶ ወንበር የሚከራከርበት ነገር ስላጣ መርቆ ሸኛቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን ሲመለሱ ሼህ ሰዲቅ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ አካሄዳቸው ግን ቀሎ አገኘኋቸው። «የኔታ» አሉኝ፣ «በመኪና ብሄድ ኖሮ የማየው ግንብ ብቻ ነበር። በእግሬ ስሄድ ግን ሰው አየሁ። በአውቶቡሱ ከኩታበር ገበሬ ጋር ስለ ገብስ፣ በባቡሩ ከማላውቀው አዛውንት ጋር ስለ ኪታብ ስንጫወት ዋልን። በጀጎል መንገድ ጠፍተን አንዲት እናት ከቤታቸው አስገብተው ውኃ አጠጡን፤ በመኪና የሄደ እንዴት ይጠፋል? አምስቱንም የድሮ በሮች አየናቸው። ኑርሁሴን በአራተኛው ቀን ከእኔ ፈጥኖ ይራመድ ነበር፤ ጉልበቱን ያሠረው መቀመጥ ኖሯል።» ለመኪናው ኪራይ ያሰቡትም ልጆች ቁርኣን ለሚቀሩበት ለኸልዋቸው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ልጆቹ ዘንድሮ ዝናብ ሳይነካቸው ይቀራሉ።

እኔም ይህን የጻፍሁት ለጉዞ ብቻ አይደለም። ሠርጋችንም፣ ለቅሷችንም፣ ዚያራችንም እንዲሁ ነው። ከአቅማችን በላይ ያገዘፍነው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጠብ ይወልዳል፣ ቀጥሎም ይቀራል። ያቀለልነው ግን ይደርሳል። ታላቅን ማክበር በወንበር የሚገለጥ ከሆነ፣ ወንበሩን መልቀቅ የተከራዩ ፈንታ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደላላው ሼህ ሰዲቅን ከሼህ ኑርሁሴን ጋር በገበያ አግኝቶ እኔ እየሰማሁ ያዛቸው። «ሼህ፣ አዲስ መኪና ገብቶልኛል። የእርስዎን ነገር አስቤ ነው የመረጥሁት፤ ጋቢናው ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል!»

ሼህ ሰዲቅ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። ሁለት ከያዘማ ሦስተኛው ይቀየማል» ብለው፣ ከሼህ ኑርሁሴን የገበያ ዘንቢሉን ተቀብለው ፊት ፊት ሄዱ።