የጋሽ መኮንን ኤሲ

የካዛንቺሱ ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን፣ ሲያስነሷት የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ ባለሁለት በር አሮጌ የአሜሪካ መኪና አለቻቸው። መስኮቷ ተከፍቶ ታይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ባለኤሲዋ» ይላታል። አንድ ቀን ከሜክሲኮ አሳፈሩኝ። ለገሃር ሳንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። መስኮቱን ላወርድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ ሰው ያያል!»

«ኤሲ የላትም እንዴ ጋሼ?»

«የላትም። እኔ መስኮት ዘጋሁ እንጂ አላት አላልኩም። አደራህን፣ እንዳታዋርደኝ።»

አደራዬን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነገሩ ከንክኗቸው ኖሮ ቄራ አጠገብ ካለ ጋራዥ ወስደው እውነተኛ ኤሲ አስገጠሙላት። ጥርስ ያንገጫግጫል። ችግሩ፣ እንኳን ደስ አለዎት የሚላቸው ሰው አልነበረም፤ ለሰፈሩ ኤሲው ድሮም ነበረ።

በዚያው ሰሞን ከእድር ስንመለስ እማማ ዘነበችን አሳፈሩ። እማማ ዘንድ የገባ ወሬ አያድርም። ጋሽ መኮንን በኩራት ኤሲውን ለቀቁት። እማማ ነጠላቸውን ተከናነቡ።

«አንተ መኮንን፣ ያን ጊዜ ስታደርሰኝ በላብ አጥምቀኸኝ አልነበር? ዛሬ ይሄ ብርድ ከየት መጣ?»

ጋሽ መኮንን በመስታወቱ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ላድናቸው ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ያን ጊዜማ እማማ፣ ብርድ እንዳይመታዎት ብለው ማሞቂያውን ከፍተውልዎት ነው።»

እማማ ፊታቸው በራ። «ተባረክ ልጄ! በል እንግዲህ መኮንን፣ ዛሬም እሱን ክፈትልኝ።»

ጋሽ መኮንን አዲሱን ኤሲ አጠፉ።